እጅ ስለተጫነበትና ስላልተገለጠው መጽሐፍ

ለተከበሩ የማኅበረ ምእመናናችን ሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ የተከበሩ ባልደረቦችዎንም፣ አዲሶቹን ድምፅ ማጉያዎችም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። የእምነት መግለጫ ጥናት ቡድናችን «የቤተ ክርስቲያንን ቅርስ በመቀስ በማበላሸቱ» የተጻፈለትን ማስጠንቀቂያ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብበነዋል። በአደባባይ ስለተወቀስን በአደባባይ ማመስገን ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ነገሩን ለማያውቁ ላስረዳ። የዛሬ አምስት መቶ ዓመት ገደማ የሉተራን አባቶች የሚያምኑትን ጽፈው በጀርመን አገር በንጉሠ ነገሥቱ ፊት አንብበዋል። ያ መግለጫ ከመሰሎቹ ጋር በአንድ ጥራዝ ተሰፍቶ በቁም ሣጥናችን ይኖራል። ሽማግሌ በተሾመ ቁጥር ጥራዙ ይወጣል፤ ተሿሚው እጁን ጭኖ በዚህ መሠረት አምናለሁ፣ አገለግላለሁ ይላል፤ እኛ አሜን እንላለን፤ ጥራዙም ወደ ቁም ሣጥኑ ይመለሳል።

ለጥናት ስንዋሰው ሽፋኑ መዳፍ በሚያርፍበት ቦታ ተልጦ ነጥቶ አገኘነው። ውስጡ ግን ማተሚያ ቤቱ ሉሆቹን አጥፎ እንደሰፋቸው ነበር፤ ገጾቹ በጠርዛቸው እንደተያያዙ፣ አንድም ሰው ሳይቆርጣቸው። ሊነበብ ቀርቶ ሊገለጥ የማይችል መጽሐፍ ነው። ጠረጴዛውን ከብበን የተቀመጥነው ለጥቂት ጊዜ ዓይን ለዓይን አልተያየንም፤ አሜን ባዮቹ እኛው ነንና።

ስለዚህ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ መቀሱ። መቀሱ የልብስ ሰፊዋ እህታችን ነው። ሴት ልጇን ከቀበረች ገና መንፈቅ አልሞላም። ወጣቶቹ ነጎድጓዱ የሚሏቸው፣ እርስዎ የጋበዟቸው እንግዳ ሰባኪ ልጅቱ ያልተፈወሰችው የእናቷ እምነት ጎድሎ ነው ብለው ከመድረካችን ተናገሩ። እርስዎ የፊት ወንበር ላይ ራስዎን ይነቀንቁ ነበር፤ በመስማማት ይሁን በእንቅልፍ ለመፍረድ አልደፍርም። ከዚያ ወዲህ እህታችን የጌታ እራት ሲቀርብ ተነሥታ ወጥታ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች።

ጥናታችን የመጣችው አንድ ጥያቄ ይዛ ነው። «እዚህ ቤት የሚታመነው ይኼ ነው? ከሆነ ንገሩኝ፣ ልወቀው። ካልሆነም ንገሩኝ።» ቄሳችን ጣሪያውን ተመለከቱ። ከቡድናችን ጡረተኛው መምህር መነጽራቸውን ወለወሉ። እኔ ሻይ ጠጣሁ፤ ብርጭቆው ባዶ ነበር። «እናንተ ካላወቃችሁ እሱን እንጠይቀው» ብላ ከቦርሳዋ መቀስ አወጣችና የምንፈልጋቸውን ገጾች እንደ ጨርቅ እጥፋት ቀጥ አድርጋ ቆረጠች። ቅርስ ማበላሸት ያላችሁት ይህን ነው።

፪. ስለ ተገኘው ነገር። ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚጸድቀው በራሱ ብርታት ወይም ሥራ ሳይሆን ስለ ክርስቶስ ሲባል እንዲያው በነጻ መሆኑን፣ እምነት ራሱ ስጦታ መሆኑን፣ ትምህርቱም የተጨነቀ ኅሊናን ለማጽናናት መሰጠቱን አነበብን። ደግማችሁ አንብቡልኝ አለች፤ ደገምን። ከዚያ «ታዲያ ይኼ እያለ ለምን ዝም አላችሁኝ?» አለች። እኔ እስካሁን መንገድ ላይ ሳያት የጫማዬን ክር አስራለሁ፤ ጫማዬ ክር የለውም።

፫. «የጥንት ወረቀት ለዛሬ አገልግሎት አይበጅም» በማለት የጥናት ክፍላችንን ለድምፅ ማጉያዎቹ ማደሪያ ስላደረጋችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ድምፃችን ከሦስት መንገድ ማዶ ይሰማል። የምንለው ምን እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው የቀረን።

ሌሎች አቤቱታዎችም ነበሩኝ፤ ከላይኞቹ አጠገብ ሲቀመጡ አፈሩና ተመለሱ።

ልመናችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ የተነገረሽ የእኛ እምነት አይደለም የምትል። እኛማ ነገርናት። እሷ ግን «በማይክ የተባለ በማይክ ይመለስልኝ» አለች፤ ትክክል ናት። እስኪመለስላት ድረስ የጌታ እራት በቀረበ ቁጥር የጥናት ቡድኑ በሙሉ አብሯት ደረጃው ላይ ይቀመጣል። ሲወጡ መንገድ እንዳንዘጋብዎ ጠጋ ብለን እንቀመጣለን።

ለጉባኤው ካለኝ የማይገለጥ አክብሮት ጋር፣
እጅዎ በተጫነ ቁጥር አሜን ሲል ከኖረው ከሦስተኛው ረድፍ

ማሳሰቢያ፦ መቀሱን በማስረጃነት ከመጽሐፉ ጋር በአንድ ቁም ሣጥን እንደቆለፋችሁበት ሰምተናል። እህታችን ሥራዋን በጎረቤት መቀስ እየሠራች ስለሆነ ቶሎ ቢመለስላት መልካም ነው። ከመመለሱ በፊት ግን ሁለቱ በአንድነት እጅዎ ላይ ሳሉ ልጠቁምዎ፦ ስለ ንስሐ የሚናገረው ገጽ ገና አልተቆረጠም።