ሞተሩ የለበሰው ባና

ልጄ ሲና፣ እመብርሃን በሰው አገር ጥላ ከለላ ትሁንሽ። ኖርዌይ ብርዱ ጠናብሽ ወይ? እኛ ተመስገን ነው፤ ገብሱ አሽቷል፣ ነጯ በግም ወልዳለች።

አባትሽ ግን አስደነገጡኝ። ከሞላሌ ገበያ ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ እግራቸውን ከነዳጁ ቢያነሱም አሮጌዋ መኪናችን አልበርድ ብላ እየጮኸች ወረደች። በፍሬኑና በሥላሴ ቸርነት ቆመች። እሳቸው «የነዳጁ መሳቢያ ካቦ ደርቆ ነው፣ ዘይት ይቀባ» አሉ። መካኒኩ አትናቴዎስ ኮፈኑን ከፍቶ «ጋሼ፣ ይቺ ካቦ የላትም፤ ነዳጅ መስጫዋ በኤሌክትሪክ ነው» አላቸው። የአየር ማስገቢያውን ሲፈታው መዝጊያው በጥላሸትና በበግ ጠጉር እንደተከፈተ ተጣብቋል! ለካ አባትሽ ውርጩን ፈርተው ማታ ማታ ሞተሩን ባና ሲያለብሱት ኖረዋል፤ መኪናዋም ጠጉሩን በተቀደደው ማጣሪያ ስትምገው ከርማለች። አትናቴዎስ ጠራርጎ መለሰው፤ አሁን ደኅና ናት።

ባናው እኔ የፈተልኩልሽ፣ ሻንጣዬ ሞላ ብለሽ የተውሽው ነው። ብቆጣቸው «ባለቤቱ እስክትመጣ ሥራ አይፍታ ብዬ ነው» አሉኝ።

አጥቤዋለሁ፤ የዘይቱ ሽታ ግን አለቀቀውም። እንዲያም ሆኖ ለጥምቀት ነይና ደርበሽው ልይ። መኪናዋን ከእንግዲህ ይብረዳት፤ አንቺን ግን ብርድ አይንካሽ።

እናትሽ ጠጄ