የሐሙሱ ጥገና

ለታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጎንሽስ እንዴት ነው? ስትተነፍሺ አሁንም ይወጋሻል? ደህና ነኝ ብለሽ እንዳትልኪብኝ፤ ያቺን ቃል ከአንቺ መስማት አንገሽግሾኛል። ሚጡስ? ትበላለች? ትተኛለች? እኔ ከሁለት ጣቶቼና ከአንድ ጥርሴ በቀር ጤና ነኝ። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ቢመስል ጣቶቼ ስለታሰሩ ነው። ድሮስ መቼ ያምር ነበር ብለሽ እንዳትስቂብኝ፤ ለነገሩ ብትስቂም ደስ ይለኝ ነበር።

በወረቀት የጻፍኩልሽ ባልሽ ስልክሽን እንደሚያገላብጥ ስለማውቅ ነው። ልብስ ሰፊዋ የሚጡን ቀሚስ ስታመጣልሽ ይሄን እጥፋቱ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ስትጨርሺ ቀዳድደሽ ሽንት ቤት ክተቺው። ግን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቢ፤ የአንቺን ችኮላ አውቀዋለሁ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ፕሮግራመሮቹ ኮድ የሚያስቀምጡባቸውንና የሚፈትሹባቸውን መሣሪያዎች መቼ እንደምናድስ ዕቅድ የማወጣው እኔ ነኝ። በጥገና ቀን መሣሪያዎቹ ስለሚዘጉ አንድ ተረኛ ይቀርና ሌላው ሰው ከቀትር በኋላ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለዚህ ብዬ ሁሌ ዓርብ አደርገዋለሁ፤ ሰዉ ይመርቀኛል። እኔ ቂሉም ደረቴን እነፋለሁ።

ባልሽ እኛ ቢሮ ከገባ ወዲህ፣ ቀጣዩ ጥገና መቼ ነው እያልሽ ትጠይቂኝ ነበር። ባሏ ቶሎ ሲገባላት ደስ ይላታል ብዬ ቀኑን ከሁሉ ሰው አስቀድሜ ለአንቺ እነግርሻለሁ። አንዴ እንዲያውም ላስደስትሽ ብዬ ልደትሽ የዋለበትን ዓርብ መረጥኩልሽ። ክንድሽ የተሰበረው ያን ቀን ነው። ለካ የምትጠይቂኝ ሚጡን ቀድመሽ ወደ እኔ ቤት ለማሸሽ ኖሯል።

ያወቅሁትም በሷ ነው። ባለፈው ዓርብ እኔ ቤት ተቀምጣ ስትሥል፣ አባትሽ ዛሬ ቶሎ ገብቷል፣ ተነሺ ልውሰድሽ አልኳት። ጠረጴዛ ሥር ገባች። ላወጣት ጎንበስ ስል እግሬን ደም እስኪወጣ ነከሰችኝ። እንደ ምንም ካባበልኳት በኋላ፣ አባባ ቶሎ የሚመጣ ቀን እማዬ ትወድቃለች አለችኝ።

ያለፉትን ዕቅዶች አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። አንደኛው፣ ክንድሽ። ሁለተኛው፣ ጥርስሽ። ሦስተኛው፣ መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ ነው ያልሽኝ፣ ግንባርሽ ላይ ስምንት ስፌት። ሌሎቹን አንቺው ታውቂያቸዋለሽ። ስድስት ጥገና፣ ስድስት መውደቅ። ከሁሉም ግርጌ የእኔ ፊርማ አለ።

እናታችንም ከደረጃ ወድቃ ነው የሞተችው ተባለ። ያደግንበት ቤት ደረጃ እንዳልነበረው እኔና አንቺ እናውቃለን። አንቺ አልጋ ሥር አፌን በመዳፍሽ አፍነሽ፣ የአባታችን ጫማ ወዲያ ወዲህ ሲል አብረን አይተናል። ይሄን እስከ ዛሬ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም፤ ዛሬ ግን አነሳሁት።

ሰኞ ስብሰባ ነበረን። ባልሽ እንደ ልማዱ ሁሉንም ያስቃል። ቀጣዩን ጥገና መቼ እናድርገው ብዬ ስጠይቅ፣ ዓርብ ይሁንልኝ፣ ቤት ያልጨረስኩት ሥራ አለ ብሎ ጠቀሰኝ። ሰዉ ሳቀ። ኪቦርዱን አንስቼ ፊቱ ላይ አደቀቅሁት። ቁልፎቹ እንደ በቆሎ ፍሬ ተበተኑ። አፍንጫው ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት፤ አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። ደገምኩት። እሱም ጣቶቼን ወደ ኋላ አጥፎ ሰበራቸው፣ በክርኑ ጥርሴን አወለቀው፣ ወለሉ ላይ ተንከባለልን። ሲያላቅቁን የአለቃችን ሸሚዝ በሁለታችን ደም ተለቅልቆ ነበር። ከዚያ አለቃችን ዘመዳማቾች ናችሁ፣ ነገሩ ከዚህ ክፍል አይውጣ ብሎ አስታረቀን። በደህናው እጄ ጨበጥኩት።

እሱ ግን ቤቱ ገብቶ ለእኔ ያልደረሰውን ቡጢ አንቺ ላይ ጨረሰው። ሁለት የጎን አጥንት። ጀግንነቴ ያመጣልሽ ይሄንን ነው። ይቅር በዪኝ እትዬ፤ እኔ ራሴን ይቅር አላልኩም።

ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። ቀጣዩ ጥገና ሐሙስ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ ዐሥራ ሁለት። ሁለት ሰዓት የሚበቃውን ዐሥር ሰዓት አድርጌዋለሁ። ተረኛው ባልሽ ነው። ተረኛ ሰርቨር ክፍል ስልክ ይዞ አይገባም፤ ሁሉም ተፈትሾ ሳያልቅም አይወጣም፤ ደንብ ነው። ምነው ይሄን ያህል ረዘመ ሲለኝ፣ የበሰበሰውን ሁሉ በአንዴ ልንነቅለው ነው አልኩት። አነበበና በገዛ እጁ ፈረመ።

በሌላው ቀን መላወሻ እንደሌለሽ አውቃለሁ። ቢሮው ከቤታችሁ አምስት ደቂቃ ነው፤ ለምሳ ይመጣል፣ በየሰዓቱ ይደውላል። ሐሙስ አይደውልም። ሦስት ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ትጠብቅሻለች። ሻንጣ አትያዢ፣ ጎረቤት ያያል። የሚጡን የልደት ወረቀት ብቻ ደረትሽ ውስጥ ክተቺ፣ ስልክሽን እዚያው ተዪው። አውቶቡሱ አራት ሰዓት ላይ ይነሳል። ስትደርሱ አክስታችን መናኸሪያ ቆማ ታገኟታላችሁ።

በየዕቅዱ መጨረሻ፣ ጥገናው ካልተሳካ ወደ ነበርንበት እንዴት እንመለሳለን የሚል ቦታ አለ። በሥራ ዘመኔ አንድም ቀን ሳልሞላው ቀርቼ አላውቅም። የሐሙሱን ባዶ ተውኩት፤ ማንም ልብ አላለውም። አንቺም እንዳትመለሺ። ሰው ልኮ ቢያስለምንሽ፣ ስለ እኔ የፈለጉትን ቢያወሩልሽ፣ ጋዜጣ ላይ ብታነቢ እንኳ እንዳትመለሺ።

ሐሙስ እኔም አብሬው ክፍሉ ውስጥ ነኝ። በሩ በካርድ ነው የሚከፈተው፤ ያን ቀን የሚሠራው ካርድ ደግሞ የእኔ ብቻ ነው። የታሰሩትን ጣቶቼን ባይድኑም ሐሙስ እፈታቸዋለሁ። ኪቦርድ ግን አልይዝም።

ትኬቶቹ ከዚሁ ጋር ናቸው። ሁለት ናቸው፣ የአንቺና የሚጡ። የአንተስ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ያኔ አፌን ባታፍኚው ኖሮ እጮህ ነበር፤ ያተረፍሽኝ አንቺ ነሽ። አሁን ተራው የእኔ ነው፣ እንዳትከራከሪኝ።

ሚጡን ጉንጯን ሳሚልኝ። የነከሰችኝ ቦታ እየዳነ ነው፤ አጎትሽ አልተቀየመሽም በያት። መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ፤ የምትገቡበት ቤት በሩ ሲንኳኳ የማያስደነግጥ ይሁን።

አልጋ ሥር አብሮሽ የነበረው
ወንድምሽ