ልጄን ለመጥበሻ አልድርም

ለእህት ዓለሜ፣ ለቤታችን የመጨረሻ ልጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ወገብሽ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ የሰው ልብስ ስትተኩሺ የሚያብጠው እግርሽስ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ምግብስ በሰዓቱ ትበያለሽ? ስለ ምላስሽ አልጠይቅም፤ እሱ ከተወለድሽ ጀምሮ ታሞ አያውቅም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ብቻ ከደረጃው ጋር እንደተኳረፈ ነው፤ ወርዳ ከቤት ከወጣች ስድስት ወር ሆናት። እኔ ደግሞ ከደህና በላይ ነኝ።

ለምን ብትይ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። አዎ፣ ወንድም ጋሼሽ! አትሳቂ። የማንም እጅ አልነካውም። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። መጀመሪያ ላይ ሚስቴ ሌላ ነገር ጠርጥራ ተከትላኝ ነበር። በመስኮት ስታይ ከሠላሳ ጎልማሳ ጋር ተደርድሬ «ሀ ሁ» ስል አገኘችኝ፤ ያን ቀን ከደስታዋ ይልቅ ሳቋ በለጠ። መምህራችን በዕድሜ ልጄ ብትሆን ነው። ባለፈው ሳምንት ደብተሬን ከፍ አድርጋ ለክፍሉ አሳየችው። ለምን እንዳሳየችው አልጠየቅኩም፤ ለጥሩ ምሳሌ ይሆናል ብዬ ትቼዋለሁ። አሁን የሱቆቹን ማስታወቂያ ሁሉ እያነበብኩ ስለምሄድ ሁለት ጊዜ ከመብራት እንጨት ጋር ተጋጭቻለሁ። የእንግሊዝኛውንም ፊደልና ቁጥር ጨርሻለሁ። ይህንን የምነግርሽ ለጉራ ብቻ አይደለም፤ ከዚህ በታች ለማወራሽ ጥፋት ዋናው ምክንያት ይኸው ትምህርቴ ስለሆነ ነው።

ቀድተሽ በስልክ የላክሽው ድምፅ ደርሶናል። አንቺ የተናገርሽውን እማዬ ሰምታለች። ሊፍት የሚጠግነውን ሰው ማግባት እንደምትፈልጊ፣ ያለ እሷ ቃል ግን ፊርማ እንደማትፈርሚ፣ መልሱም እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲደርስሽ፣ ይህን ሁሉ ሰምታ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ሰውየው ራሱ ሊናገር ተራውን ያዘ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሰውሽ ሲናገር ድምፁን ከሆዱ ሳይሆን ከኪሱ የሚያወጣ ነው የሚመስለው።

መቼም ስትሄጂ ለእማዬ የተውሽላትን ሳጥን አልረሳሽውም። ከስልኩ የሚመጣውን ቁጥር ወደ ድምፅ የሚቀይረው ዳክና የጆሮ ማዳመጫውን የሚያጎላው አምፕሊፋየር በአንድ ሆድ ያሉበትን። እማዬ አሁን ጆሮዋ ደክሟል፤ በስልኩ ብቻ ምንም አይሰማትም፤ ያለዚያ ሳጥን አንቺ ለእሷ የለሽም። ሳጥኑ ግን አርጅቶ ከውስጡ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ያወጣል። የአንቺ ድምፅ ጉልበት ስላለው ያልፈዋል። የሰውሽ ግን ከሥሩ ይቀበራል። እማዬ ማዳመጫውን ከራሷ አውርዳ «ልጄን ሰማኋት፤ ሰውየው ግን የታለ? እኔ የሰማሁት ዘይት ሲንጨረጨር ነው» አለች።

እኔ በስልኩ ሰምቼው ስለነበር ልነግራት ስጀምር እጇን አነሳችብኝ። «አንተ አትንገረኝ። አንተ ከነገርከኝ ሰውየው አንድ ክንድ ይረዝማል። ልጄን በወሬ አልድርም፤ ለመጥበሻም አልድርም። በገዛ ጆሮዬ ስሰማው መልሴን እልክላታለሁ» አለች። እማዬን ታውቂያታለሽ፤ «አይሆንም» ካለች ግድግዳው ቢነቃነቅ እሷ አትነቃነቅም። ወሩ ሊያልቅ አሥራ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

እንግዲህ ሬዲዮ ጥገና ሱቅ ሃያ ሁለት ዓመት የበየደ ወንድም ምን ያደርጋል? «እማዬ፣ ቅዳሜ መጥበሻውን ከእሳት ላይ አወርደዋለሁ» ብዬ ደረቴን መታሁ። የዚያ ሽሽታ መነሻ ኦፕ አምፕ የምትባል፣ ድምፅ የምታጎላ ጥቁር ቺፕ ናት። ስምንት እግር ስላላት እኛ ሱቅ ውስጥ ሸረሪት እንላታለን። በሳጥኑ ውስጥ ሁለት አሉ፤ አንዷ ከዳኩ በኋላ ያለች፣ ሌላዋ የጆሮ ማዳመጫውን የምትገፋ። የድሮዎቹ ጫጫታ ያበዛሉ፤ አሁን የሚሠሩት ግን ጸጥተኛ ናቸው። ከዕቃ ሻጩ ዘንድ ሁለት አዳዲስ መርጬ ገዛሁ። ዱሮ ባለሱቃችን ያነብልኝ የነበረውን ቁጥር በዚያ ቀን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሻጩ አልደነቀውም፤ እኔ ግን ደነቀኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሳጥኑን መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። ሸረሪቶቹ በሶኬት ላይ የተሰኩ ስለሆኑ ብየዳ አያስፈልግም፤ ነቅሎ መሰካት ብቻ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ የድሮዎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ተገልብጧል። ፊደሎቹ እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ተኝተዋል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳቅኩ። «ይህን የገጠመው ምስኪን ፊደል አልቆጠረም ማለት ነው» ብዬ አዘንኩለትም። እናም በመጀመሪያ የማዳመጫውን ሸረሪት ነቅዬ አዲሷን ጽሑፏ ቀጥ ብሎ እንዲነበብ አድርጌ ሰካኋት። እንዴት ታምር ነበር! እንደ መጽሐፍ ርዕስ።

ኤሌክትሪኩን ስሰጣት እስከ አሥር ሳልቆጥር ሽታው መጣ። ጣቴን ባሳርፍባት አቃጠለችኝ። እማዬ ከአልጋዋ ሆና «ምን አረረ?» አለች። እኔም «አቧራ ነው እማዬ፣ የቆየ አቧራ» አልኳት። የኤሌክትሪኩን ገመድ ከግድግዳው ነቅዬ ክዳኑን መልሼ «ትንሽ ዕቃ ጎድሎኛል» ብዬ ሳጥኑን በፌስታል አድርጌ ደበቅኩት። ሰኞ እስኪደርስ እማዬ በየሰዓቱ «ደረሰ ወይ?» ትላለች። አንድ ጊዜማ ቀስ ብላ «ለዘለዓለም አጠፋህብኝ እንዴ?» አለችኝ።  የታመመችው ጆሮዋ፣ የጠፋው ሳጥኗ፣ የምትጠብቂው አንቺ፤ ሁላችሁም በአንዲት በተቃጠለች ሸረሪት ላይ ተንጠልጥላችሁ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ለባለሱቃችን ሳጥኑን አሳየሁት። ከፈተው፣ አየው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ እንደገና አደረገው። «ነጥቧስ?» አለኝ። እያንዳንዷ ሸረሪት ራሷ በየት በኩል እንደሆነ የምትናገር ትንሽ ነጥብ አለቻት፤ ሶኬቱም ትይዩዋ ጎድጎድ ያለ ምልክት አለው። ሁለቱን አገናኝቶ መሰካት ነው፤ ጽሑፉ ቢገለበጥ ባይገለበጥ ደንታ የለውም። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያች ነጥብ ስመራ አንዲት ቺፕ ገልብጬ አላውቅም፤ ሌላ ምን ማንበብ እችል ነበር? ባለሱቁ ሱቁን እስኪያስተጋባ ሳቀና «አንተ ሰው፣ ፊደል ከቆጠርክ ወዲህ ዓይንህ ጠፋ!» አለኝ። መጠገኛው ጠረጴዛ ላይ የነበሩት ሁሉ ሰሙ። እስከ ዛሬ ድረስ «መርፌ እጅ» ይሉኝ የነበሩት አሁን «ምሁሩ» ይሉኛል። ቅጽል ስሙን ግን አልጠላሁትም።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ወንድ ልጅ ነው፣ ረዳኝ። ሶኬቱንና የኃይል መስመሩን በቴስተር ለክተን ሌላ የተጎዳ እንደሌለ አረጋገጥን። የማዳመጫው የድሮዋ ሸረሪት በጠርሙስ ክዳን ውስጥ በደህና ስላስቀመጥኳት ወደ ቦታዋ ተመለሰች። የቀረችኝ አዲስ ሸረሪት አንዲት ብቻ ናት፤ የት ትግባ? ባለሱቁ የድምፁን መጨመሪያ ወደ ዜሮ አዞረና አዳመጠ፤ ጸጥ። ከፍ አደረገው፤ ሽሽታው አብሮ አደገ። «አየህ፣ መጥበሻው ያለው ከመጨመሪያው በፊት፣ ዳኩ ጋ ነው። እማማ ድምፅ በጨመሩ ቁጥር ዘይቱንም ይጨምሩ ነበር። አንዷ ትበቃሃለች፤ በጉራ ነው ሁለት የገዛኸው» አለኝ። እውነቱን ነው። በዚህ ጊዜ ነጥቧን ከምልክቱ ጋር አገናኝቼ ሰካኋት፤ ጽሑፉ ተገለበጠ፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ታገስኩት። ማዳመጫውን የሚያቃጥል ቀጥታ ኃይል እንዳያልፍበት ለካን፤ ዜሮ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ጆሮዬ ላይ ያደረግኩት። እህት ዓለም፣ ምን ብዬ ልንገርሽ፣ ባዶ ቤት ውስጥ የገባሁ ነው የመሰለኝ።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ እማዬ ማዳመጫውን አደረገች። እኔም በሳጥኑ ሌላኛው ቀዳዳ የራሴን ማዳመጫ ሰክቼ አብሬያት ሰማሁ። አንቺ ተናገርሽ። ከዚያ ሰውሽ ጀመረ። «እናቴ፣ ልጅዎን በክብር ለመያዝ...» አለና ቆመ። ያን ጊዜ እኔ በስልኩ ያልሰማሁት፣ በሳጥኑም ሽሽታው ቀብሮት የኖረ ሌላ ድምፅ ከኋላ መጣ፤ ሹክሹክታ። «...በችግርም ሆነ በደስታ...» የሚል። ሰውየው ወዲያው «በችግርም ሆነ በደስታ» አለ። እንደገና ቆመ። እንደገና ሹክሹክታ። አንቺ ነሽ! እየነገርሽው ነው! እማዬ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝና «ይህቺ ልጅ ታስጠናዋለች?» አለች።  በገዛ እጄ ልጠግንልሽ ብዬ ጉድሽን ያወጣሁ መሰለኝ፤ መጥበሻው ይሻልሽ ነበር አልኩ።

እማዬ እስከ መጨረሻው ሰማች። የተጠናው ንግግር አለቀ። ሁለታችሁም መቅጃው የተዘጋ መስሏችሁ መሰለኝ፣ ሰውየው በራሱ ድምፅ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «አበላሸሁት እንዴ? እንደገና ልበለው?» አለሽ። አንቺም «አይ፣ ይበቃል» አልሽ። እሱም «እናትሽ ባይወዱኝስ?» አለ። እዚያ ላይ ተቆረጠ።

እማዬ ያቺን ቦታ አራት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ማዳመጫውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «አባትሽ በሃምሳ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አበላሸሁት ወይ ብሎ አልጠየቀም። ነፍሱን ይማረው፣ ብዙ ነበር ያበላሸው» አለች፤ እኔን «አንቺ» ብላ፣ ከአንቺ ጋር የምታወራ መስሏት። እኔም ያን ሰምቼ የቅዳሜው ሽታ አቧራ እንዳልነበረ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ «አንተስ ዘግይተህም ቢሆን አበላሸሁ አልክ» ብቻ አለችኝ።

ከዚያ ወረቀት አምጣ አለችና መልሷን አስጻፈችኝ። አንዳች እንዳልጨምር ሁለት ጊዜ መልሼ እንዳነብላት አድርጋለች፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምሬ ነበር፣ አሰረዘችኝ። ቃሏ እንዲህ ነው፦ «ልጄ፣ ያስጠናሽውን አልተቀበልኩም። እሱ በራሱ አፍ የጠየቀውን ተቀብያለሁ። ሰጥቻለሁ፤ ፈርሚ። ግን ከእንግዲህ ቃሉን አትቅደሚው፤ ቢንተባተብም እሱው ይጨርሰው። እንዳልወደው ለፈራው ደግሞ በያው፦ አላበላሸህም።»

እንግዲህ ሰላምታ ላቅርብ። ሚስቴ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ትልቋ ልጄ «አክስቴ ለሠርጓ ምን ዓይነት ልብስ ትለብሳለች?» እያለች ትጠይቃለች፤ ትንሹ ለአዲሱ ዘመድ ሰላም ይላል፤ የሊፍት ቁልፍ እንዲልክለትም ይለምናል። ባለሱቃችን «ለእህትህ ምሁር ወንድም ስላላት እንኳን ደስ አላት በልልኝ» ብሏል። አብራሽ ለምታድረውና ለቤትሽ አከራይ በያሉበት ሰላም በይልኝ። ለሰውሽ ግን ይህን ደብዳቤ ራስሽ አታንብቢለት፤ ስጪውና እሱ ያንብበው።

ታላቅ ወንድምሽ

ከእማዬ አልጋ አጠገብ፣ ከመስኮቱ ሥር፤
ረቡዕ፣ ግንቦት ፳፪ ቀን።