በመዳፍህ ትቀምሰው ስለነበረው ጠጅ

የልጄ አባት፣ ዓለሜ ይመር፤

ከሄድክ ይኸው ሦስተኛው መስከረም ጠባ። ወደ ሰሜን ስትዘምት ጡት ያልጣለችው ዘነቡ ዛሬ ልብሷን ራሷ ትለብሳለች፤ መልስም ትሰጣለች፤ ግትርነቷን ከማን እንደወረሰች አንተው ታውቃለህ። ደሴን ለቀን ኮምቦልቻ ወርደናል። ወንድምህ አራጋው በጣሊያኖቹ መንገድ ሥራ ድንጋይ ይፈልጣል፤ እኛንም የሚያኖረን እሱ ነው። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ። ሰሞኑን ቁጭ ብል እነሣለሁ፤ ብነሣ መሄጃ የለኝም። ለሰው የማልነግረውን ላንተ ልንገርህ ብዬ ነው።

ባለፈው እሑድ ደሴ ወጥተን ነበር። ጣሊያኖቹ ከባሕር ማዶ ለመጡ እንግዶቻቸው የድሮ ግብር እንዴት ይበላ እንደነበር ጠጅ ታሳልፍለት በነበረው በጌታህ ቤት ሊያሳዩ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከየቦታው ለቃቀሙ። ጠጅ አሳላፊ ሲፈልጉ አራጋውን ጠቆሟቸው፤ ያንተ ደቀ መዝሙር ነውና። እምቢ ቢል እንጀራው ይቋረጣል። ቤተሰብ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ማየት ይችላል ተባለ። እኔማ ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሽሃለሁ? ዘነቡ መልክህን አታውቀውም። መቃብርህን እንኳ የማሳያት የለኝም። ቢያንስ አባቷ ምን ይሠራ እንደነበር በዓይኗ ትይ አልኩ።

ሳምንቱን ሙሉ አስጠናኋት። አሳላፊ ብርሌውን ለጌታው ከመስጠቱ በፊት ጥቂት በመዳፉ ያንቆረቁርና ይቀምሳል፤ መርዝ ቢኖርበት ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው አልኳት። እሷም በውሃ ስትለማመድ ቀሚሷን አበሰበሰችው።

በካሚዮን ጭነው ወሰዱን። ዳገቱን እስክንጨርስ አንዴም አልተቀመጥኩም። ቤቱ ያው ነው፤ ደረጃው ላይ ግን የእነሱ ባንዲራ፣ በጌታህ አልጋ ላይም የጣሊያን ሹም ነበር። አራጋው ኩታህን አገልድሞ ብቅ ሲል አንተን ያየሁ መሰለኝ፤ አካሄዱ ያንተው ነው። ዘነቡን ከፍ አድርጌ አቀፍኳትና መዳፉን እዪ አልኳት።

አልቀመሰም። እጅ ነስቶ ብርሌውን ሰጠ፤ ሹሙ ጠጣ፤ አለቀ። አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌዎች አጉረመረሙ። አንዲት ባልቴት ከንፈሯን መጠጠችና ይኼ ደግሞ ከማን ቤት ተማረ አለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? ዘነቡ ደግሞ፣ አባዬም አይቀምስም ነበር ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ።

ኮምቦልቻ እንደወረድን በአራጋው ላይ ተነሣሁበት። ወንድምህን በአደባባይ አዋረድከው፣ ለልጁ እንኳ ስሙን አላስቀረህላትም አልኩት፤ ያልኩት ብዙ ነው። እሱ ግን ልጅቷ ወደ ቤት ቀደም ብላ እስክትሄድ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«እትዬ፣ መቅመስ ማለት እኮ ካንተ በፊት እኔን ያስቀድመኝ ማለት ነው። ይመር ለጌታው ብሏል። እኔ ለዚያ ሰውዬ በምን አፌ ልበል?»

እጁን ይዤ አለቀስኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ውሻ በጮኸ ቁጥር ደጅ እወጣለሁ። ልማዱን ከሚያውቁት አንዱ ነገሩ ገብቶት ለጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ሹክ ቢል አለቀልን። ሰዉ ግን አራጋውን ሥራ የማያውቅ እያለ ያማዋል። እሱ ደግሞ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እያለ ይስቃል፤ እንዲያውም እንደዚያ ቢያስቡት ነው የሚሻለው። ልከራከርለት አልችልም፤ ሆድ ይፍጀው። እኔን የምታቃጥለኝ ዘነቡ ናት። ለጎረቤት ልጆች አባቴ አይቀምስም ነበር፣ እናቴ ተሳስታ ነው ትላቸዋለች። ላርማት እጀምርና አፌን እይዛለሁ። አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ምን ምስጢር ትቋጥራለች?

ይቅር በለኝ ይመር። አራጋው በሕይወት እንዲቆይልን ስምህ ለጊዜው ይጉደፍ ብያለሁ። እኔ ግን አልረሳህም፤ እሷም እንድትረሳህ አልፈቅድም። ነፍስ ያወቀች ቀን፣ ጣሊያን ኖረም ሄደም፣ አስቀምጬ እነግራታለሁ፤ አባትሽ ለሚወደው ሰው ቀምሷል፣ አጎትሽም አባትሽን ስለሚወድ ነው ያልቀመሰው እላታለሁ። እስከዚያ ግን እውነቱን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን፤ ሁለታችንም ልጅህ ስትሳሳት ቁጭ ብለን እንሰማለን።

ባለቤትህ በለጡ