የማይጋባው ሳልሽ

እማዬ፣

ከተለየሽን አራተኛው ክረምት ገባ። መተማ እንደምታውቂው ናት፤ ዝናቡ ሲጀምር ሰሊጥ ሊዘራ፣ ሊያርም የሚመጣው ሰው ከጎጃምም ከወሎም በመኪና ተጭኖ ይጎርፋል። ቤታችን ቆርቆሮ ለብሷል፤ መብራትም ገብቶልናል። ሴት ልጅ ወልጃለሁ። አባዬ ግን ታሟል። የምጽፍልሽም በእሱ የተነሳ ነው፤ አዝኜ አይደለም፣ ተናድጄ ነው።

አብደራፊ እርሻ ላይ ሳለን እሱ ትራክተር ይነዳል፣ አንቺ ለሠራተኞቹ ታበስያለሽ። የምታበስይበት ዳስ ዝናብ እንዳያስገባ በሸራ ታፍኗል፤ ጭሱ መውጫ የለው፣ ማገዶው እርጥብ። አንቺ ዓይንሽን በነጠላሽ ጫፍ እየጠረግሽ የማሽላውን ገንፎ ታማስያለሽ። እኔ ጭሱ የማይደርስበት መሬት ላይ ተጋድሜ ዘፈን አምጪ እልሻለሁ። ትዘፍኚልኝም ነበር፣ እዚያው ጭስ ውስጥ ቆመሽ።

ከዚያ ሳሉ መጣ። ጠዋት ጠዋት አክታ፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ይብስብሻል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ከንፈርሽ ጠቆረ፣ እግርሽ አበጠ። ጤና ጣቢያ አክታሽን መርምረው ምንም አላገኙም፤ ግን «ሳይታይም ሊኖር ይችላል» ብለው የቲቢ መድኃኒት ጀመሩልሽ። ጨረስሽው። ሳሉ አልቆመም። እንደገና ጀመሩልሽ።

ወሬው እርሻው ደረሰ። ስንት ዓመት እጅሽ ያበሰለውን ሲበላ የኖረው ባለሀብት «ሠራተኞቼን ልትጨርሺብኝ ነው?» ብሎ አባረረሽ። አባዬም ፍራሹን ጠቅልሎ ሌላ ክፍል ገባ። ብርጭቆሽን ለየ። ከአጠገብሽ ሲያገኘኝ «ተነሽ ከዚያ፣ ይጋባብሻል!» ይለኝ ነበር፤ ሲጋራው በጣቶቹ መሀል እየጨሰ። አንቺ ስታስይ ፊትሽን ወደ ግድግዳው ታዞሪያለሽ። እንደዚያው እንደዞርሽ ሞትሽ። ቀብርሽ ላይ እንኳ ሰዉ አፉን ሸፍኖ ነበር የቆመው።

አሁን ደግሞ የእሱን ስሚ። አባዬ አክታ የለውም፤ ሳሉም ደረቅ ነው፣ ትንሽ። ነገር ግን መንምኖ አልቋል፤ ደረቱ እንደ በርሜል ተነፍቷል። ከአልጋው ተነስቶ በሩ ጋ እስኪደርስ ከንፈሩን እንደሚያፏጭ ሰው ሰብስቦ ነው የሚተነፍሰው። ጎንደር ወሰድኩት። ሐኪሟ ራጁን አይታ «አባት፣ ሲጋራው ሳንባዎን በልቶታል» አለችው። ሥር የሰደደ፣ ትንፋሽ የሚዘጋ የሳንባ በሽታ ነው አለችን።

«ይጋባል?» አልኳት።

«በፍጹም።»

ያን ጊዜ ያንቺን ነገርኳት። ስለ ሳሉ፣ ስለ አክታው፣ ስለ እግርሽ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ከዚያ «ሳላያቸው በእርግጠኝነት መናገር አልችልም» አለች፤ «የነገርሽኝ ግን የአባትሽን በሽታ ሌላ መልክ ይመስላል።» አስረዳችኝ። በአንዱ ሰው የሳንባው የአየር ከረጢቶች ይፈራርሳሉ፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይከሳል፣ ብዙም አያስለውም። በሌላው የአየር ቧንቧው አብጦ በአክታ ይሞላል፤ በየዓመቱ ለወራት ያስለዋል፣ ሲብስበት ከንፈሩ ይጠቁራል፣ እግሩ ያብጣል። ሁለቱም የተደራረቡበት ብዙ ነው። «የማገዶ ጭስ ደግሞ አብዝቶ የሚጎዳው ቧንቧውን ነው» አለችኝ፤ «ሲጋራ ያላጨሰች ሴት ስታስል ማን ጭሱን ይጠረጥራል?»

አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። አንገቱን ደፋ።

ሐኪሟ ያዘዘችለትን፣ በአፍ የሚሳበውን የትንፋሽ መድኃኒት አንቺ በዓይንሽ ሳታዪው ሄድሽ። እሱ ትራሱ ሥር አለው፤ የማቀብለው እኔ ነኝ። ከገዛ ብርጭቆዬ አጠጣዋለሁ፣ ሌሊት ሲጨንቀው ደግፌ አስቀምጠዋለሁ። ለአንቺ ይህን ያደረገልሽ አልነበረም።

ባለፈው እሑድ ምን አለኝ መሰለሽ? «ስሞት ከእናትሽ ጎን ቅበሪኝ።» በቁምሽ ከሸሸው ጎንሽ! እስካሁን አልመለስኩለትም። አንቺ ብትሆኚ እሺ ትዪው ነበር፤ አውቅሻለሁ። እኔ ግን አንቺን አይደለሁም።

ሰፈሩ ዛሬም «በቲቢ የሞተችው» እያለ ነው የሚጠራሽ። እኔ እስካለሁ ድረስ፣ ገበያም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ይህን ሰምቼ አላልፍም። ልጄም አፍ ፈትታ ስለ አንቺ ስትጠይቀኝ እነግራታለሁ፦ አያትሽ ለማንም በሽታ አላጋባችም፤ ሰው ስታበላ የዋጠችው ጭስ ነው የገደላት።

ልጅሽ ስንዱ