የቲማቲም ዘመድ

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ
ከአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር የአበባማ ዕፅዋትን አመዳደብ ጀመርን። ክፍለ መደብ፣ ከሥሩ አስተኔ... አስተኔ ማለት ቤተሰብ ነው አልኳቸው። ከአጥሩ ሥር አስተናግር፣ ያንን የሚያሳብድ አረም፣ ቆርጬ ገባሁ። አበባውን ከቲማቲም አበባ ጋር አስተያየን።
"የቲማቲም፣ የድንች፣ የቃሪያ ዘመድ ነው።"
ዕድላዊት እጇን አወጣች። "ታዲያ ይበላላ ቲቸር?"
"ቅመሺና ንገሪን።"
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደወል። ጥሩ ቀን ነበር።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ
ዕድላዊት ሆስፒታል ናት። ከሌለ ሰው ጋር ታወራለች፣ አየር ትለቅማለች። የዓይኗ ብሌን ሰፍቷል፣ አፏ ደርቋል። ምሳዋ ሀለኮ፣ የሽፈራው ቅጠል፣ ነበር አሉ፤ ቅጠሉን ከትምህርት ቤቱ በር ከእማማ ዓለሚቱ ነው የገዛችው።
ለዶክተሩ "አስተናግር በልታ ይሆናል" አልኩት። ቅመሺ ማለቴን ግን... ዋጥኩት።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ
አስተናግር የሚለው ቃል የዕድላዊት ወንድም ባርኮት ጆሮ ደረሰ። ጠዋት ባጃጁን የትምህርት ቤቱ በር ላይ አቁሞ ወረደና እማማ ዓለሚቱ ላይ ጮኸ።
"ከሀለኮው ጋር መርዝ ቀላቅለሽ ሸጥሽላት!"
"ልጄ፣ እኔ አይደለሁም! ልጄ!"
ቅርጫቱን ረገጠው። ከዚያ እሷን። ከዚያ ድንጋይ አነሳ። ፊቷን ነው የመታው... ሁለቴ። ቅጠሉ ላይ ደም። ዘበኛው ዳምጤ አንገቱን አንቆ ጎትቶ አላቀቃት፤ ባርኮት አምልጦ ሄደ።
እኔ የመምህራን ክፍል መስኮት ላይ ቆሜ ነበር። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ለምን አልወጣሁም?

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ
ዕድላዊት ወደ ልቧ ተመለሰች። "ፍሬውን ሰብሬ ዘሩን በላሁ ቲቸር። ዘመድ ነው ስላሉ..."
እማማ ዓለሚቱ እዚያው ሆስፒታል ናት። ግራ ዓይኗ ጠፍቷል።
ባርኮትን ቤቱ ሄጄ አገኘሁት። ከአጎቶቹ ልጆች ጋር ቆሞ የእማማ ዓለሚቱን ቤት ስለማቃጠል ያወራል። እግራቸው ሥር የቤንዚን ጄሪካን አየሁ።
"እሷ የለችበትም። ቅመሺ ያልኳት እኔ ነኝ።"
"ምን አልክ?"
ደገምኩለት። የጎማ መፍቻውን ብረት ከባጃጁ አወጣ። ቀኝ እጄን ጭንቅላቴ ላይ አደረግኩ... አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ወደቅኩ። ጎኔን ረገጡኝ። ደም እየተፋሁ "ቤቷን አትንኩ" አልኩ። እስኪደክማቸው ደበደቡኝ። ጄሪካኑን ያነሳ አልነበረም።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ
የቅዳሜውንም የዛሬውንም በግራ እጄ ነው የምጽፈው። የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ባርኮት ታስሯል። ዕድላዊት ክፍል ገብታለች፤ አንገቷን ቀና አታደርግም።
ዛሬ እማማ ዓለሚቱ ቤት ሄድኩ። ደጅ ላይ ተቀምጣለች፣ ግማሽ ፊቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀልዱንም፣ ለዶክተሩ የደበቅኩትንም።
"መስኮቱ ላይ ነበርክ" አለች። "አይቼሃለሁ። በሁለቱ ዓይኔ መጨረሻ ያየሁት ሰው አንተ ነህ።"
ይቅር በይኝ አልኩ። ይቅርም፣ ሂድም አላለችኝም።
አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።