የዋልያው ቆዳ

ማክሰኞ

እጄን እስኪላጥ ታጠብኩት። አሁን ምን ዋጋ አለው!

የምሠራው እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የሙዚየም ዕቃ የሚቀመጥበት መጋዘን ነው። ትናንት ሣጥን ስናዛውር የዋልያ ቆዳ ከነጭንቅላቱ ወጣ። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ፈረንጆች ስሜን ድረስ ወጥተው፣ ተኩሰው፣ ገፈው ለሙዚየም ያመጡት። ደባርቅ ተወልጄ ዋልያ በቅርብ አይቼ አላውቅም! ጓንቴን አውልቄ ግንባሩን ዳበስኩት፤ አንገቱን፣ ጺሙን። ሆዴ ባባ።

ለምሳ እህቴ ትግስት ከወንዙ ማዶ፣ ከአሌክሳንድሪያ ሽሮ ይዛልኝ መጣች። መኪናዋ ውስጥ በላን። እጄን በሶፍት ጠረግ አድርጌ፣ በሞቴ ብዬ፣ ሁለቴ አጎረስኳት።

የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

ዛሬ ጠዋት አለቃችን ጓንት እንዳናወልቅ አስጠነቀቀን። ለካ የዚያን ጊዜ አዳኞች ቆዳውን ነፍሳት እንዳይበሉት አርሴኒክ ይቀቡት ነበር። መርዝ! ስልጠናው ላይ ተነግሮኝ ይሆናል፤ እያዛጋሁ ነበር።

ረቡዕ

ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ነበር።

«ቤቢውስ?» አለችኝ።

ሁለታችንም ለምርመራ ሽንት ሰጠን። አለቃዬ በመንካት ብቻ ብዙ መርዝ ሰውነት ውስጥ አይገባም ይላል። ብዙ ማለት ስንት ነው? ገዳዮቹ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፣ መርዛቸው ግን ቁጭ ብሎ እኔን ይጠብቃል።

እሁድ

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ቅዳሴው አልተሰማኝም። እመቤቴ፣ በእኔ ይሁን። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ሰኞ

የእኔ ውጤት ንጹሕ። የእሷ ከፍተኛ።

እቤቷ ነበርኩ። ሐኪሟ በስልኩ ስፒከር አሳ ወይም ሽሪምፕ በልታ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ እሱም ውጤቱን ከፍ ያደርጋል አለች። ትግስት አማቷን አየት አደረገች። እትዬ አልማዝ ስትወልድ ሊያርሷት አስቀድመው ከጎንደር የመጡ፣ በጾም ነገር የማይቀልዱ ሴት ናቸው።

«ኖ፣ ፋስቲንግ ነኝ» አለች።

ስለዚህ የእኔ እጅ ነው። የእህቴን ልጅ በገዛ እጄ። እንዴት አድርጌ እኖራለሁ? መኪናዬን የት እንዳቆምኩ ጠፍቶኝ ፓርኪንጉን ስዞር ነበር።

ማክሰኞ

ትግስት ኮል አደረገችኝ። ከመታጠቢያ ቤት፣ በሹክሹክታ።

«ሽሪምፕ በልቻለሁ። ሽንት ከመስጠታችን በፊት፣ ቅዳሜም እሁድም። ከዚያ በፊትም። አማሮኝ ነው፣ ምን ላድርግ! ለእትዬ እንዳትነግሪ።»

«ለዶክተሯ ንገሪያት!» ብዬ ጮኽኩባት። ያን ሁሉ ሌሊት በእሳት ስጠበስ እሷ አማቷን ትፈራለች! ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። መርዙን ያጎረስኳት እኔ፣ የምቆጣው እኔ።

ለሐኪሟ ደወለች። ያንኑ ሽንት የባሕር ምግብ ይሁን መርዙ ለይተው ያያሉ።

ዓርብ

መርዙ አይደለም! ልጁ ደህና ነው!

መልእክቷን መጋዘኑ ደረጃ ላይ አነበብኩት። እዚያው ተቀምጬ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ደወልኩላት፣ አላነሳችም። ደግሜ ደወልኩ፤ ባሏ አነሳው።

«ትንሽ ጊዜ ስጪያት፤ የጎረሰችው ገና ከልቧ አልወጣላትም» አለኝ። «አሁን ባትመጪ ይሻላል።»

እሺ አልኩት። ሌላ ምን አፍ አለኝ?